በጨለማ የተቀረጸንና ክፉኛ የተጨመቀን የቴሌቪዥን ምስል በኤፍኤፍኤምፔግ ማሻሻል፦ ከአንድ የትንሣኤ ሌሊት ቅጂ የተነሣ ዝርዝር መመሪያ

በ2006 ዓ.ም. የትንሣኤ ሌሊት የተላለፈውን የቀጥታ ሥርጭት አጎቴ ከዲሽ ሪሲቨሩ በቀጥታ በፍላሽ ቀድቶ አስቀምጦት ነበር። በዚያ ቅጂ ውስጥ አያቴ ከምእመናኑ መካከል ቆመው፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ጧፍ ይዘው ለ11 ሰከንድ ያህል ይታያሉ። ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ከዚያ ሌሊት የቀረን ምስልም ይኸው ብቻ ነው። ፋይሉን መጀመሪያ ስከፍተው የጧፎቹ ነበልባል ብቻ ደምቆ፣ የቀረው ሁሉ በሚንቀጠቀጡ ጥቋቁር ሳጥኖች ተሸፍኖ አገኘሁት። ይህ መመሪያ ያንን ቅጂ ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለው የቪዲዮ ማቀነባበሪያ ፕሮግራም ለማሻሻል የሄድኩበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ የሚያሳይ ሲሆን፣ በጨለማ የተቀረጸና በዝቅተኛ ቢትሬት (በሰከንድ በሚላክ አነስተኛ የመረጃ መጠን) የተሠራጨ ማንኛውም የቴሌቪዥን ቅጂ በእጁ ያለ ሰው ሊጠቀምበት ይችላል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በመጭመቅ ጊዜ የተጣለ ዝርዝር በምንም ትእዛዝ ተመልሶ አይመጣም። ሆኖም በጨለማ ምስል ውስጥ የማይታየው ሁሉ የጠፋ አይደለም፤ አንዳንዱ ከጩኸቱ (ምስሉ ላይ ከሚርመሰመሱት የማይፈለጉ ነጠብጣቦች) በታች ተቀብሮ ያለ ነው። ሥራው የተቀበረውን ማውጣት ሲሆን፣ ለዚህም ከማጣሪያዎቹ (ምስሉን ከሚለውጡት የፕሮግራሙ መሣሪያዎች) ዓይነት ይልቅ ቅደም ተከተላቸው ይበልጣል። ብዙ ሰው ፋይሉን ከፍቶ በመጀመሪያ የሚያደርገው ብርሃኑን መጨመር ነው፤ ከዚያም ሳጥኖቹና ጩኸቱ አብረው ስለሚደምቁ ምስሉ ከቀድሞው የባሰ ይሆንበታል። ትክክለኛው አካሄድ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፦ መጀመሪያ ማጽዳት፣ ከዚያ ማብራት።

ጨለማው ለምን ቀድሞ ይበላሻል?

በመደበኛ ጥራት የሚተላለፉ የሳተላይት ሥርጭቶች ለብዙ ዘመን የተጨመቁት በኤምፔግ-2 ነው። ይህ ኮዴክ (የመጭመቂያ ዘዴ) እያንዳንዱን ፍሬም 8 በ8 ፒክስል ወደ ሆኑ ሳጥኖች ይከፋፍልና በየሳጥኑ ውስጥ ያለውን ጥቃቅን ልዩነት እንደ ቢትሬቱ አቅም ያስቀራል ወይም ይጥላል። የሚንቀለቀል ጧፍ የሞላበት ትዕይንት ደግሞ ለመጭመቅ ከሚከብዱት አንዱ ነው፤ ነበልባሉ በየፍሬሙ ስለሚለዋወጥ ያለውን ቢት ሁሉ ይወስደዋል፣ ለጨለማው ክፍል የሚተርፈውም ጥቂት ነው። በዚያ ላይ ኤምፔግ-2፣ ከእርሱ በኋላ እንደ መጣው ኮዴክ እንደ ኤች.264 ያለ፣ የሳጥኖቹን ጠርዝ በራሱ የሚያለሰልስ ውስጣዊ ማጣሪያ የለውም። ስለዚህ ጠርዞቹ ተጋልጠው ይቀራሉ።

ሁለተኛው ምክንያት የቁጥር እጥረት ነው። በ8 ቢት የቴሌቪዥን ምስል (እያንዳንዱ ፒክስል ከ0 እስከ 255 ባለ ቁጥር በሚጻፍበት) ውስጥ ጥቁር በ16፣ ነጭ በ235 ይወከላል፤ በመካከላቸው ያለው ጠቅላላ የብርሃን ደረጃ 220 ብቻ ነው። ከዚህ ውስጥ የታችኛው 15 በመቶ፣ ማለትም የአያቴ ፊትና ከኋላቸው ያለው ሕዝብ በሙሉ የሚገኝበት ክፍል፣ 33 ያህል ደረጃዎች ብቻ ይደርሱታል። እነዚህን 33 ደረጃዎች ዘርግተን 48 ቦታ እንዲሞሉ ስናደርጋቸው በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል፤ በሰማዩና በግድግዳው ላይ እንደ ተራራ እርከን ተደርድረው የሚታዩት መስመሮች የሚመጡት ከዚህ ነው።

ስለ መሣሪያውና ስለ አጻጻፉ

ኤፍኤፍኤምፔግ በ2000 እ.ኤ.አ. በፋብሪስ ቤላር የተጀመረ ነጻ ፕሮግራም ነው። ከእርሱ ጋር ፋይልን የሚመረምረው ኤፍኤፍፕሮብና የሚያጫውተው ኤፍኤፍፕሌይ አብረው ይመጣሉ። በኡቡንቱ ላይ ከፓኬጅ ማከማቻው፣ በማክ ላይ ሆምብሩ በተባለው የፕሮግራም መጫኛ ይጫናል፤ ለዊንዶውስም ተዘጋጅቶ የሚወርድ አለ።

ከዚህ በታች ትእዛዞቹን በፊደላችን የጻፍኳቸው እንደሚነበቡ ነው፤ ቃል የሆነውን እንደ ቃሉ፣ አህጽሮት የሆነውን ፊደል በፊደል። ተርሚናሉ (የኮምፒዩተሩ የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት) ላይ ግን ሁሉም በትናንሽ የላቲን ፊደላት መግባት አለባቸው፤ የፋይሉ ስም ብቻ በአማርኛ ቢሆን ችግር የለውም። እኔን አንድ ሙሉ ምሽት ያባከነኝን ስሕተት እዚህ ላይ ልናገር፦ የአማርኛ ኪቦርድ እንደበራ ከተጻፈ ነጠላ ሰረዙ «፣»፣ ሁለት ነጥቡም «፡» ይሆናል። ኤፍኤፍኤምፔግ እነዚህን አያውቃቸውም። ማጣሪያን ከማጣሪያ የሚለየው የላቲኑ ኮማ፣ የማጣሪያውን መለኪያዎች የሚለየውም የላቲኑ ኮለን ነው። ትእዛዙን በማይክሮሶፍት ወርድ ጽፎ መገልበጥም የትምህርተ ጥቅስ ምልክቶቹን ስለሚያጎብጣቸው እንዲሁ ያበላሻል፤ በተራ የጽሑፍ ማረሚያ መጻፍ ይመረጣል።

አንደኛ፦ ፋይሉን መመርመር

ዋናውን ፋይል በሌላ ዲስክ ላይ ቀድተው ካስቀመጡ በኋላ ይህን ያስገቡ፦

ኤፍኤፍፕሮብ -ሃይድ_ባነር ትንሣኤ.ቲኤስ

ከሚወጣው ጽሑፍ የቪዲዮውን መስመር ይፈልጉ። የእኔ ፋይል ኤምፔግ-2፣ 720 በ576፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ የማሳያ ምጥጥኑ 4 ለ3፣ የብርሃን ክልሉ «ቲቪ»፣ የመስመር ቅደም ተከተሉም «ቶፕ ፈርስት» እንደሆነ ነገረኝ። ኢትዮጵያ ፓል የተባለውን የቴሌቪዥን ሥርዓት የምትከተል አገር በመሆኗ ከአገር ቤት የተቀዳ መደበኛ ጥራት ያለው ቅጂ በአብዛኛው እንዲህ ነው። ፋይሉ አሜሪካ ውስጥ ተገልብጦ የመጣ ከሆነ ግን 480 መስመርና 29.97 ፍሬም ሊሆን ይችላል፤ ያ ማለት ከፓል ወደ አሜሪካው ሥርዓት ወደ ኤንቲኤስሲ ሲለወጥ ፍሬሞቹ ተደባልቀዋል ማለት ስለሆነ፣ ከተቻለ የመጀመሪያውን የፓል ቅጂ ማፈላለግ ከየትኛውም ማጣሪያ ይበልጣል።

የብርሃን ክልሉን ችላ አይበሉ። አንዳንድ ጊዜ ምስሉ የጠቆረው በካሜራው ሳይሆን፣ «ቲቪ» (ከ16 እስከ 235) መባል የነበረበት ፋይል «ፒሲ» (ከ0 እስከ 255) ተብሎ በመመዝገቡ ወይም በተቃራኒው በመሆኑ ነው። እንዲህ ያለውን ስሕተት ብርሃን በመጨመር መሸፈን አይገባም፤ ምዝገባውን ማረም ነው የሚሻለው።

ሁለተኛ፦ አጭር ናሙና መቁረጥ

የሦስት ሰዓት ቅጂ ላይ መሞከር ትዕግሥትን ይጨርሳል። ከሁሉ ይልቅ ጨለማና ብርሃን የተቀላቀሉበትን 30 ሰከንድ ይምረጡና እንዲህ ይቁረጡት፦

ኤፍኤፍኤምፔግ -ኤስኤስ 00:41:00 -አይ ትንሣኤ.ቲኤስ -ቲ 30 -ሲ ኮፒ ሙከራ.ኤምኬቪ

«ኮፒ» ምስሉን እንደገና ሳይጨምቅ ስለሚቆርጠው ናሙናው ከዋናው አይለይም። መነሻው ከጠየቁት ሰከንድ ጥቂት ቢቀድም አይጨነቁ፤ የሚጀምረው ከቅርቡ ሙሉ ፍሬም ነው።

ሦስተኛ፦ የተጠላለፉትን መስመሮች መለየት

አሮጌው የቴሌቪዥን ሥርጭት አንድን ፍሬም በሁለት ግማሽ ይልካል፦ መጀመሪያ አንድ የዘለሉ መስመሮችን፣ ቀጥሎ በመካከላቸው ያሉትን። በኮምፒዩተር ሲታይ የሚንቀሳቀስ ነገር ጠርዝ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የሚታየው ይህ ነው። ማጽዳት የሚጀመረውም ከዚህ ነው፤ ምክንያቱም የሁለት የተለያዩ ቅጽበቶች መስመሮች ተቀላቅለው ሳለ ጩኸት የሚቀንስ ማጣሪያ ቢገባ አንዱን ቅጽበት በሌላው ላይ ይለስነዋል። የፋይሉን ምዝገባ ካልታመኑት «አይዴት» የሚባለው ማጣሪያ የናሙናውን 750 ፍሬም ቆጥሮ ምን ያህሉ የተጠላለፈ እንደሆነ ይነግርዎታል፦

ኤፍኤፍኤምፔግ -አይ ሙከራ.ኤምኬቪ -ቪኤፍ አይዴት -ፍሬምስ:ቪ 750 -ኤኤን -ኤፍ ነል -

የተጠላለፈ ከሆነ «ቢደብሊውዲአይኤፍ=1» ይበቃል። ይህ 25ቱን ፍሬም ወደ 50 ስለሚያሳድግ እንቅስቃሴው በቴሌቪዥን እንደነበረው ለስላሳ ሆኖ ይቀራል።

አራተኛ፦ ሳጥኖቹን ማለስለስ

«ዲብሎክ=ፊልተር=ዊክ:ብሎክ=8» የሳጥኖቹን ጠርዝ ብቻ ፈልጎ ያለሰልሳል። ቁጥር 8 የሳጥኑ ስፋት ስለሆነ፣ ይህ ማጣሪያ የግድ የምስሉ መጠን ከመቀየሩ በፊት መግባት አለበት። ቅጂው ከኢንተርኔት የተገኘና አስቀድሞ የተለጠጠ ከሆነ የሳጥኖቹ ስፋት 8 መሆኑ ይቀራል፤ ፍሬሙን አጉልተው ፒክስሉን ቆጥረው ቁጥሩን ያስተካክሉ። ከ«ዊክ» ይልቅ «ስትሮንግ» የሚለውን የምመርጠው ፊት በሌለበት ትዕይንት ብቻ ነው፤ ፊት ላይ ሲውል ቆዳውን ሰም ያስመስለዋል።

አምስተኛ፦ ጩኸቱን መቀነስ

የሥራው ልብ ይህ ነው። ካሜራው በጨለማ ውስጥ የሚፈጥረው ጩኸት በየፍሬሙ ይለያያል፣ የሰዎቹና የግድግዳው ምስል ግን በቦታው ይጸናል። ስለዚህ ተከታታይ ፍሬሞችን ማቀራረብ ጩኸቱን እርስ በርሱ ያጠፋፋዋል፣ የጸናውን ያጎላዋል። «ኤችኪውዲኤን3ዲ» የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አራት ቁጥሮችን ይቀበላል፦ ሁለቱ በአንድ ፍሬም ውስጥ የሚደረገውን ማለስለስ ለብርሃንና ለቀለም፣ ሁለቱ ደግሞ በጊዜ ውስጥ የሚደረገውን ይወስናሉ። የእኔ ምርጫ 2:3:6:8 ነው፤ በፍሬም ውስጥ ትንሽ፣ በጊዜ ውስጥ ግን ብዙ። የቀለሙን ቁጥር ከፍ ያደረግሁት በጨለማ ውስጥ አረንጓዴና ሐምራዊ ሆነው የሚንሳፈፉት ነጠብጣቦች ከብርሃኑ ጩኸት የበለጠ ስለሚያስቀይሙ ነው።

ከዚህ ማጣሪያ በፊት ግን «ፎርማት=ዋይዩቪ420ፒ10» ብለው ምስሉን ወደ 10 ቢት ያሳድጉት። ምክንያቱ ይህ ነው፦ አንድ ፒክስል በአንዱ ፍሬም 24 በሌላው 25 ቢሆን፣ እውነተኛው ዋጋ 24.25 ሊሆን ይችላል። በ8 ቢት ይህን መጻፍ ስለማይቻል ወደ 24 ይጠጋጋል፤ በ10 ቢት ግን ቦታ ያገኛል። በዚህ መንገድ ቅድም የቆጠርናቸው 33 ደረጃዎች በመካከላቸው እውነተኛ ደረጃዎች ይወልዳሉ።

ይህንን በዓይኔ ያየሁት በአያቴ ነጠላ ላይ ነው። በዋናው ቅጂ ጥለቱ አንድ ወጥ ግራጫ ሳጥን ነበር፤ የትኛውንም ፍሬም ብቻውን ባጎላው ከግራጫነት በቀር ምንም አላገኘሁም። ጧፉ እንዳይጠፋ ያለ እንቅስቃሴ ቆመው ስለነበር ግን ፍሬሞቹ ሲቀራረቡ ከትከሻቸው ወደ ደረታቸው የሚወርድ ቀጭን አረንጓዴ መስመር፣ ከጎኑም ሌላ ደብዛዛ መስመር ወጣ። ፊታቸው ግን አልጠራም። ከንፈራቸው በጸሎት ይንቀሳቀስ ስለነበር እዚያ ላይ ማጣሪያው የሚያቀራርበው የጸና ነገር አላገኘም።

የጊዜውን ቁጥር ከዚህ በላይ ማሳደግ ዋጋ አለው። የሚንቀሳቀስ እጅ ከኋላው ጥላ ይጎትታል፣ ነበልባሉም ጅራት ያወጣል። ናሙናውን ሲያዩ በጨለማው ላይ ሳይሆን በሚንቀሳቀሱት ጧፎች ላይ ያተኩሩ፤ ጅራት ካዩ ሦስተኛውን ቁጥር ወደ 4 ይቀንሱ። «ኤንኤልሚንስ» የሚባል የተሻለ ጽዳት ያለው ማጣሪያም አለ፤ እጅግ አዝጋሚ ከመሆኑ ሌላ ከ8 ቢት ያለፈውን እንዲህ ያለ ምስል ስለማይቀበል ለዚህ ሥራ አልመረጥኩትም።

ስድስተኛ፦ ጨለማውን ማንሣት

ብርሃን ለመጨመር ብዙዎች የሚጠቀሙበት «ኢኪው» የተባለው ማጣሪያ ነው። ምስሉን ወደ 8 ቢት ስለሚመልሰው ባለፈው ደረጃ ያገኘነውን ሁሉ ያጠፋዋል። በምትኩ «ከርቭስ»ን በ16 ቢት እንጠቀማለን፦

ፎርማት=ጂቢአርፒ16,ከርቭስ=ኦል='0/0 0.05/0.05 0.15/0.22 0.4/0.5 1/1'

0 ጥቁር፣ 1 ነጭ ነው፤ እያንዳንዱ ጥንድም «ይህን ያህል የነበረው ይህን ያህል ይሁን» ማለት ነው። 0.15 የነበረው ወደ 0.22 ከፍ ይላል፣ 0.4 ወደ 0.5 ይደርሳል፣ ነጩ በቦታው ይቀራል። ዋናው ብልሃት በሁለተኛው ጥንድ ላይ ነው፦ 0.05 ባለበት ይቆያል። ከዚያ በታች ያለው የመጭመቅ ዝቃጭ እንጂ ምስል ስላልሆነ በጨለማው እንዲቆይ መተው ይገባል። እንዲያውም የሌሊት ምስል ሌሊትነቱን የሚያጣው ይህ የታችኛው ጥቁር ሲነሣ ነው፤ ሁሉ ነገር በጭስ የተሸፈነ ይመስላል። የትንሣኤ ሌሊት በጧፍ ብርሃን የሚታይ ሌሊት ነው፣ ቀን እንዲመስል ማድረግ ቅጂውን ማበላሸት ነው። የነበልባሉን ብርቱካናማ ቀለምም «ለማስተካከል» አልሞከርኩም።

ቁጥሮቹን ሲቀያይሩ በዓይን ብቻ አይታመኑ። ኮምፒዩተርዎ ያለበት ክፍል ብሩህ ከሆነ ሳያውቁት ከመጠን በላይ ያነሡታል፤ ማታ መብራት ቀንሰው ያረጋግጡ፣ በስልክዎም ይዩት። «ኤፍኤፍፕሌይ -ቪኤፍ ዌቭፎርም ሙከራ.ኤምኬቪ» የብርሃኑን ሥርጭት በግራፍ ስለሚያሳይ የምስሉ ክምችት በየትኛው ከፍታ እንደሆነ በግልጽ ያያሉ።

ሰባተኛ፦ እርከኖቹን ማዋሐድ

ከማንሣቱ በኋላ በሰፊው ጨለማ ውስጥ የቀሩትን እርከኖች «ዲባንድ» ያዋሕዳቸዋል። መነሻ ገደቡ 0.02 ነው፤ እኔ ለብርሃኑ 0.015፣ ለቀለሞቹ 0.01 አድርጌዋለሁ፤ ከዚያ ሲያልፍ የልብስ ሽመናና የግድግዳ ሻካራነት እንደ እርከን ተቆጥሮ ይለሰልሳል።

ስምንተኛ፦ ሁሉንም በአንድ ማስኬድ

ሙሉው ትእዛዝ በአንድ መስመር እንዲህ ይሆናል፦

ኤፍኤፍኤምፔግ -አይ ሙከራ.ኤምኬቪ -ቪኤፍ "ቢደብሊውዲአይኤፍ=1,ዲብሎክ=ፊልተር=ዊክ:ብሎክ=8,ፎርማት=ዋይዩቪ420ፒ10,ኤችኪውዲኤን3ዲ=2:3:6:8,ፎርማት=ጂቢአርፒ16,ከርቭስ=ኦል='0/0 0.05/0.05 0.15/0.22 0.4/0.5 1/1',ፎርማት=ዋይዩቪ420ፒ10,ዲባንድ=1ቲኤችአር=0.015:2ቲኤችአር=0.01:3ቲኤችአር=0.01,ስኬል=768:576,ሴትኤስኤአር=1" -ሲ:ቪ ሊብኤክስ264 -ፕሪሴት ስሎው -ሲአርኤፍ 16 -ኤኪው-ሞድ 3 -ሲ:ኤ ኮፒ ውጤት.ኤምኬቪ

«ስኬል» ለ4 ለ3 ምስል ፒክስሎቹን እኩል ያደርጋል፤ ምስሉ 16 ለ9 ከሆነ 1024:576 ይጻፉ። ወደ 1080 መለጠጥ የሚጨምረው ዝርዝር ስለሌለ አላደርገውም።

«ሲአርኤፍ» ጥራቱን ይወስናል፤ ቁጥሩ ሲቀንስ ጥራቱ ይጨምራል። ምስሉን ወደ ኤች.264 የሚጨምቀው የኤክስ264 መነሻ 23 ሲሆን ለጨለማ ምስል አይበቃም፤ ቁጥሩ በ6 በቀነሰ ቁጥር ፋይሉ በግምት እጥፍ ስለሚሆን በ16 ላይ ቆሜያለሁ። «ኤኪው-ሞድ 3» ደግሞ ኮዴኩ ለጨለማ ክፍሎች ተጨማሪ ቢት እንዲመድብ ያዘዋል። ይህ ባይኖር ሥርጭቱ መጀመሪያ የፈጸመውን በደል እኛው ራሳችን እንደግመው ነበር።

ከዚያም ከሁለቱ ፋይሎች አንድ ዓይነት ቅጽበት በፎቶ አውጥተው ጎን ለጎን ያስተያዩ፦

ኤፍኤፍኤምፔግ -ኤስኤስ 12 -አይ ውጤት.ኤምኬቪ -ፍሬምስ:ቪ 1 በኋላ.ፒኤንጂ

ናሙናው ካረካዎት «ሙከራ.ኤምኬቪ» የሚለውን በዋናው ፋይል ስም ተክተው ሌሊቱን እንዲሠራ ይተዉት።

ዘጠነኛ፦ ለቤተሰብ የሚላከው ቅጂ

የተገኘው ፋይል 10 ቢት በመሆኑ ብዙ ስልኮችና ቴሌቪዥኖች በቀጥታ አያጫውቱትም። እርሱን ለማኅደር አስቀምጠው ለመላኪያ ሌላ ያዘጋጁ፦

ኤፍኤፍኤምፔግ -አይ ውጤት.ኤምኬቪ -ቪኤፍ "ፎርማት=ዋይዩቪ420ፒ,ኖይዝ=ሲ0ኤስ=3:ሲ0ኤፍ=ቲ" -ሲ:ቪ ሊብኤክስ264 -ፕሪሴት ስሎው -ሲአርኤፍ 18 -ኤኪው-ሞድ 3 -ሲ:ኤ ኤኤሲ -ቢ:ኤ 160ኬ መላኪያ.ኤምፒ4

ያን ያህል ከለፋን በኋላ ጩኸት መልሶ መጨመር እንግዳ ይመስላል። ይህ ግን በየፍሬሙ የሚለዋወጥ፣ ለዓይን የማይታወቅ ደቃቅ ቅንጣት ነው፤ ወደ 8 ቢት ስንመለስ እርከኖቹ እንደገና እንዳይታዩ ይሸፍናቸዋል። በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት፤ እንደ ቪዲዮ ከተላከ መተግበሪያው እንደገና ሊጨምቀው ይችላል። አንድ ፋይል ለመደበኛ ተጠቃሚ ከ2 ጊጋባይት መብለጥ ስለሌለበት ረጅሙን ቅጂ በ«ኤስኤስ» እና በ«ቲ» ከፋፍለው ይላኩ።

የተጠቀሙበትን ሙሉ ትእዛዝ በተራ የጽሑፍ ፋይል ጽፈው ከዋናው ቅጂ ጎን ያስቀምጡ፤ ዋናውንም አይሰርዙ፤ ነገ የተሻለ ማጣሪያ ሲመጣ መነሻው እርሱ እንጂ የእኛ ውጤት አይደለም። የአያቴን 11 ሰከንድ ለአጎቴ የላክሁለት በዚህ መንገድ ነበር። ደውሎ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ጥለቱ ነው፤ ነጠላው እናቱ ለበዓል ብቻ ከሣጥን የሚያወጡት እንደነበረ አረንጓዴውን መስመር አይቶ ዐወቀው።